ሦስት ጊዜ አንኳኩ፣ ጠብቁ

አስተማሪዋ ቀረጻ ክፍሉ ወለል ላይ በደም ተነክራ ተዘርራለች። አጠገቧ የካሜራው ማቆሚያ ብረት ወድቋል። ባልደረቦቿ ከቅጥነቷ የተነሳ «ጭራሮ» የሚሏት መርማሪ ካሜራውን ከፍታ አየች፤ ሚሞሪ ካርዱ የለም።

«ገዳዩማ ተይዟል» አለ ዳይሬክተሩ፣ የረጠበ እጅጌውን እየሰበሰበ። «ያ ተማሪ ነው። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከቢሮዬ ንቅንቅ አላልኩም። እጁ በደም ተጨማልቆ በሩን በርግዶ ገባብኝ። እነዚህ እኮ... ያው ያውቋቸዋል።»

ጭራሮ ጀርባዋን ሰጠችው።

ትምህርት ቤቱ ነገር ቶሎ የማይገባቸውን ወጣቶች ለሥራ ያዘጋጃል። አስተማሪዋ የሥራ ቦታ ጠባይን በአጭር ቪዲዮ ታሳያቸዋለች፤ እነሱም አይተው ልክ እንደዚያው ያደርጋሉ። ጭራሮ አንዱን ከፈተች። «ሰው ከተጎዳ ለአለቃ ንገሩ። ሦስት ጊዜ አንኳኩ። ‹ግባ› እስክትባሉ ጠብቁ» ትላለች ሟቿ ፈገግ ብላ።

«ወድቃ አገኘኋት» አላት ተማሪው። «ላነሳት ሞከርኩ። ከዚያ የጋሼ ዳይሬክተርን በር አንኳኳሁ። ‹ግባ› አልተባልኩም። ቆይተው ጋሼ በደረጃው መጡ።»

«የዚህን ቃል ነው የሚጽፉት?» ብሎ ዳይሬክተሩ ሳቀ።

ጽዳት ሠራተኛዋ የተማሪውን ጀርባ ከሩቅ አይታለች። «ኮሪደሩን ወልውዬ እስክጨርስ፣ ግማሽ ሰዓት ይሆናል፣ እዚያው ተገትሮ ነበር። ‹ግባ እንጂ!› ስለው፣ ‹ጋሼ አላሉኝም› አለኝ። ውሃ ልቀይር ሄድኩ።» የትምህርት ቤቱ ካሜራማን ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር ግቢ ውስጥ ሲቀርጽ ነበር።

ጭራሮ ሁሉንም ቢሮው ደጃፍ ሰበሰበች። የተማሪው እናት ፖሊስ እንዳይወስድባት የልጇን ክንድ ጨምድዳ ይዛለች። «ሰው ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም፣ ልጄ!»

ጭራሮ ዳይሬክተሩን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ በሩን ወለል አድርጋ ተወችው። «በል ሂድና ጋሼን ሰላም በላቸው» አለችው ተማሪውን።

ሄደ። የተከፈተውን በር ሦስት ጊዜ አንኳኳና ቆመ። ዳይሬክተሩ «ግባ» አላለውም።

«በርግዶ ገባ የተባለው ይኸው ነው፤ ተከፍቶለትም አይገባም» አለች ጭራሮ። «በሩንም እዩት። ደሙ ያለው የሚንኳኳበት ላይ ነው፤ እጀታው ንጹሕ ነው። ግማሽ ሰዓት አንኳኩቶ መልስ ያጣው እርስዎ ቢሮ ስላልነበሩ ነው። ታች ደም ሲያጥቡ ነበር፤ እጅጌዎ እስካሁን አልደረቀም። ኪስዎን ይፈትሹልን።»

ፖሊሱ ሚሞሪውን ከኮቱ ኪስ አወጣው። ጭራሮ ካሜራው ላይ ስትከፍተው ተማሪዎቹ ሲንተባተቡ፣ ሲሳሳቱ፣ ሲያለቅሱ ይታያሉ። ዳይሬክተሩ እየቆራረጠ፣ መሳቂያ እንዲሆኑ ኢንተርኔት ላይ ሲለቃቸው ኖሯል።

«ቀልድ እኮ ነው!» አለ። «ሰው ቢስቅ ማን ተጎዳ? ለወላጆች ካልነገርኩ ብላ እሷ ናት ያበደችው!»

እናትየው ፊቱ ላይ ተፋችበት። ማንም አልከለከላትም።

ሲወስዱት ተማሪው ጭራሮን እጅጌዋን ነካ አደረጋት። «እትዬ፣ ልክ ነው የሠራሁት?»

አስከሬኑን ያየው ሐኪም ቀደም ብሎ ነግሯታል፤ አስተማሪዋ ከተመታች በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበረች፤ ያኔ ሰው ቢደርስላት ትተርፍ ነበር።

«ልክ ነው» አለችው። ከዚያ ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ አስታወከች።