የታጠፈው ፋይበር

«አሁንስ በራ?» አለች እናቷ፣ ለአራተኛ ጊዜ።

«ገና ነው።»

ኢንጂነሯ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካለች። ኢንጂነሯ የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ የቤት ስም ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የገጠመችው የኔትወርክ ካርድ አረንጓዴ መብራት ማሳየት ነበረበት፤ ግን ድርግም ብሏል።

እናቷ ሳሎን ጥግ ላይ ተቀምጣ የሰው ሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። ቪዲዮዎቹ የሚቀመጡበት ማሽን ጩኸቱ አላስቀምጥ ስላላቸው ዕቃ ቤት አስገብተውታል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሠርግ በዋይፋይ ወደ ሳሎን እስኪገለበጥ «ሙሽሮቹ ይወልዳሉ» ትላለች እናቷ። ልጅቷም «ፈታ በይ እማዬ፣ በብርሃን የሚሠራ ፋይበር ኬብል እዘረጋልሻለሁ፤ ያገለገለ ዕቃ ይበቃናል» ብላ ቃል ገባች። ሁለት ካርድና አንድ ጥቅል ኬብል ከሰፈሩ ኮምፒውተር ጠጋኝ ሽማግሌ ተገዛ።

«ውስጡ መስታወት ነው፤ ከብርጭቆ አፍ አጥብበሽ እንዳታጥፊው» ብለዋት ነበር። «አውቃለሁ አባባ» ብላ ሮጠች። ዛሬ ጠዋት የተረፋትን ኬብል እንደ ካውያ ገመድ እጥፍጥፍ አድርጋ፣ በላስቲክ ጠፍራ ከበሩ ጀርባ ሰቀለችው። ምክራቸው ትዝ ያላት እናቷ ለሽማግሌው ከደወለች በኋላ ነው።

«ምነው አባባ? ልጅ መሆኗን አይተው ነው የሞተ ዕቃ የሸጡላት?»

እናቷ ስትሟገትላት ደስ አላት፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አሳፈራት። «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን ዞር ብላ ኬብሉን ነቅላ መጠቅለል ጀመረች።

«ሂጂ፣ ይቀይሩልሻል» አለች እናቷ ስልኩን ዘግታ።

ሱቅ ስትደርስ ሽማግሌው በርጩማ ላይ ቆመው የራሳቸውን ኬብል ከግድግዳው እየነቀሉ ነበር።

«ነይ ልጄ። ሌላ በእጄ የለም፤ ይሄን ውሰጂ።»

«የእርስዎ ማሽንስ?»

«እኔን ምን ያስቸኩለኛል? ያንን ቆሻሻው ውስጥ ጣይው።» ወርደው ተቀመጡና መነጽራቸውን አወለቁ። «ሳልሸጥልሽ በፊት ቀይ መብራት በውስጡ አሳልፌ ፈትሼው ደህና ነው ብዬ ነበር። ዓይኔ ከድቶኛል ማለት ነው። ወንዱ ልጄ ሥራውን ተው ሲለኝ እቆጣ ነበር፤ እውነቱን ሳይሆን አይቀርም።»

ደህናው ኬብል ብብቷ ሥር ነው፤ በሩ ጋ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ይቀራታል። ብትወጣ የሚያውቅባት የለም። እናቷ ትደሰታለች፣ እሷም ኢንጂነር እንደተባለች ትኖራለች። ሽማግሌው ግን መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ ነው፤ መስታወቱ ቢጠራ የሚያዩ ይመስል ደጋግመው። አንጀቷን በሉት።

«አባባ፣ ዓይንዎ ምንም አልሆነም።» የሰበረችውን ኬብል ጭናቸው ላይ አኖረችው። «እኔ ነኝ ያጠፍኩት። እማዬ ስትደውልልዎም አውቅ ነበር።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ሽማግሌው ግን የታጠፈውን ቦታ በጣታቸው ዳበስ አደረጉና ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ።

«እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

የእሳቸውን ኬብል ጠረጴዛው ላይ መለሰችና ስልኳን አወጣች። ሁለቴ ጠራ።

«እሺ፣ ቀየሩልሽ?» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ አትቆጪኝ አልልሽም፤ ብቻ መጀመሪያ ስሚኝ» አለች ልጅቷ፤ ሽማግሌውም እንዲሰሙ ስልኩን ላውድ ላይ አደረገችው።