የእሑድ እንግዳ

ተሻገር እሑድ እሑድ ስልኩን አጥፍቶ አሌክሳንድሪያ ይሄዳል። ፍቅረኛውን ብሩክታይትን ነገሩ የከነከናት «ሽማግሌ ልልክ ነው» ካላት በኋላ ነው።

«አሌክሳንድሪያ ማን አለህ?»

«ሰው አለኝ።»

«ሚስት?»

«አንቺ ደግሞ!» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ለመኖሪያ ወረቀት አግብተው የሚደብቁ ስንት ወንዶች ሰምታለች! በሚቀጥለው እሑድ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ተከተለችው። አንድ ቤት ገብቶ በሩ ሲዘጋ ሄዳ አንኳኳች።

የከፈቱላት ሽበታም ፈረንጅ ሽማግሌ ናቸው። «የሚስትየው አባት ይሆናሉ» አለች በሆዷ። ሰውየው ማን ነሽ አላሏትም። ኮቷን ተቀበሉ፤ ወንበር ሳቡላት፤ አይብ የተሞላ ትኩስ ዳቦ ቆረሱላት። ተሻገር ሳህን ይዞ ከኪችን ሲወጣ አይቷት ደርቆ ቀረ። የእሷ ዓይን ግን የሴት ጫማ ይፈልጋል።

«ሳትበላ ምንም እንዳትጠይቃት፤ ስቱማሪ ናት» አሉት ሽማግሌው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሩ። «በእኛ በጆርጂያኖች ቋንቋ እንግዳ ማለት ነው። እግዜር እንደላከው ቆጥረን ነው የምንቀበለው።»

«ቃሉስ ከየት መጣ?» አለች፣ ልትፈትናቸው።

«ከሌላ አገር የገባ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አላውቅም። አንዴ ከገባ ማን ይጠይቀዋል?»

ተሻገር አንገቱን ደፋ። «በዲቪ ስመጣ ይቀበለኛል የተባለው ሰው ኤርፖርት ሳይመጣ ቀረ። እኚህ ሽማግሌ፣ ጉራም፣ ያኔ ታክሲ ይነዱ ነበር፤ መሄጃ እንደሌለኝ ሲያዩ እዚህ አምጥተው አከረሙኝ። ማዕድ ላይ ስልክ አይወዱም። ዘመድ የለኝም ብሩኬ፤ ለአጎትሽ የምልከው ሽማግሌ የለኝም። የደበቅኩሽ እሱን ነው።»

«ሚስት ብትኖርህ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ እጣላህ ነበር!» አለች። እንባዋ መጣ። በጣም አፈረች፤ በጣምም ወደደችው።

በሳምንቱ ጉራም ከተሻገር ሁለት የሥራ ባልደረቦች ጋር አጎቷ ቤት ሽማግሌ ሆነው ሄዱ። አጎትየው ጋሽ ክፍሉ ጉራምን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። «እኚህ ፈረንጅ የልጁ ምን ናቸው?»

ብሩክታይት ከጓዳ ብቅ አለች። «የእግዚአብሔር እንግዳ ናቸው ጋሼ።»

ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ እህልም አይቀምስም። ሁለቱ ባልደረቦች እንደ ደንቡ ቆመዋል። ይህን ለጉራም የነገራቸው አልነበረምና እሳቸው ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ጠረጴዛው ላይ ካለው ድፎም ቆርሰው ጎረሱ።

ለብሩክታይት፣ ተሻገርን ማን ነህ ሳይሉ ያሳደሩት እጆች አሁን ነገሩን ያበላሹበት መሰላት።

ጋሽ ክፍሉ ድፎውን የሚያኝኩትን ጉራምን ተመለከቱ። እህላቸውን የቀመሰ እንግዳ እንዴት ባዶ እጁን ይመልሱታል?

«በይ» አሏት በመጨረሻ፣ «ለቀሩትም ወንበር አምጪ።»