የሜትሩን ጫፍ የያዘልኝ

የመንፈስና የጥላ ወሬ ሲጀመር ሒሳብ ከፍሎ ከሻይ ቤቱ የሚወጣው ሰው እኔ ነኝ። ኳንቲቲ ሰርቬየር ነኝ፣ ሥራዬ የተሠራውን ግድግዳና ወለል ለክቶ መጻፍ ነው፣ ሊለካ የማይችል ነገር አላምንም፣ ወይም አላምንም ነበር።

ከተበላ ከተማ ወጣ ብሎ ጤና ጣቢያ ስንሠራ ሥራው መሃል ላይ ቆመ፣ ሠራተኛው ተበተነ፣ ኮንትራክተሩ "እስካሁን የተሠራውን ለክተህ ስትጨርስ ና" ብሎ እኔን እዚያው ተወኝ። አብረውኝ የቀሩት ዘበኛው ጋሽ ሻንካ ብቻ ነበሩ፣ እሳቸውም ወሬ አያበዙም። እመኑኝ፣ ብቸኝነቱ በላኝ፣ ማታ ስልኬን ይዤ ለማን እንደምደውል ሳስብ እንቅልፍ ይወስደኛል። ለክቼ ጨርሼ ከዚያ መውጣት ብቻ ነበር የምፈልገው።

በመጨረሻው ቀን ጋሽ ሻንካ በጠዋት ተበላ ገበያ ሄዱ። የቀረኝ ረጅሙ ኮሪደርና ግራ ቀኙ ያሉት ክፍሎች ናቸው፣ መስኮቶቹ በጣውላ ስለታሸጉ ወዲያኛው ጫፍ በቀትርም ጨለማ ነው። ሜትር ለብቻ መዘርጋት ደግሞ የሞከረ ያውቀዋል፣ ጫፉን ሚስማር ላይ አስይዛለሁ፣ ወዲህ ስመጣ ይወልቃል፣ ተመልሼ አስይዛለሁ፣ ይወልቃል። ተናድጄ፣ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ "ያዝልኝማ" አልኩ።

ሜትሩ ተወጠረ።

ከዚያ ሁለቴ ሳብ ሳብ አደረገኝ፣ እኛ ሳይት ላይ ይህ "ይዣለሁ፣ አንብብ" ማለት ነው። ጋሽ ሻንካ ተመልሰው ነው ብዬ አነበብኩ፣ ጻፍኩ፣ "ቀጥሎ በሩ ጋ ይሁኑልኝ" አልኩ፣ ቦቲ ጫማ አቧራው ላይ ሲጎተት ሰማሁ፣ ሜትሩ እንደገና ተወጠረ። እንዲህ እያልን ሁሉንም ክፍል ጨረስን። እየለካሁም ሳላስበው አወራኋቸው፣ ስለምኖርባት ሶዶ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ እሁድ እንዴት እንደሚረዝምብኝ። ሜትሩ አንዴም አልላላም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

"ጨርሰናል ጋሼ፣ ይልቀቁት" አልኩ።

አልተለቀቀም። ጎተትኩ፣ ወዲያ በኩል ቀስ ብሎ ጎተተኝ። ያኔ በዋናው በር ወደ ውጭ ብመለከት ጋሽ ሻንካ ከነማዳበሪያቸው ከሞተር ሳይክል እየወረዱ ነው።

ሜትሩን ጥዬ ሮጥኩ። "ኢንጂነር፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው? ድምፅህ መንገድ ድረስ ይመጣል" አሉኝ። ባትሪ ይዘን ገባን፣ ሰው የለም፣ ሜትሩ ግን ሥራ ሲያልቅ እንደሚደረገው በሥርዓት ተጠቅልሎ በሩ ሥር ተቀምጧል። ጋሽ ሻንካ አዩት፣ አልደነገጡም።

"እኔም ማታ ማታ ሰላም እለዋለሁ" አሉ። "ለብቻ ከባድ ነው።"

አሁን ሶዶ በኪራይ ክፍሌ ነኝ። አንዳንድ እሁድ፣ ሳቁብኝ፣ ያንን ሜትር እዘረጋና ጫፉን አልጋ ሥር እተወዋለሁ። እስካሁን ማንም አልያዘውም። አንድ ቀን ከተወጠረ ግን "ልቀቀው" እንደማልል አውቃለሁ፣ የሚያስፈራኝም እሱ ነው።