የሹክሹክታ ጠብ

አባቷ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። ፊሽካቸው ጡረታ ወጣ እንጂ ድምፃቸው አልወጣም። በእነሱ ቤት ክርክር የሚያሸንፈው እውነት የያዘ ሳይሆን ትንፋሽ የተረፈው ነው። እሷም የአባቷ ልጅ ናትና ስታወራ ጎረቤት ሁሉ ይሰማል።

እንግዲህ እንዲህ ያለችው ልጅ ናት ለክረምቱ የተግባር ልምምድ ወደ ዱር እንስሳት መጠለያው የመጣችው። ሥራዋ ለክረምት ትምህርት ከየትምህርት ቤቱ ለሚመጡ ልጆች ስለ ሐይቁ፣ ስለ ሸምበቆውና ስለ ወፎቹ ማስተማር ነው። በመጀመሪያው ቀን ሐይቁ ዳር ወዳለችው የእንጨት መመልከቻ ቤት ገባች። በጠባቧ መስኮት የሽመላዎቹን ጎጆ ስታይ «ወይኔ! እንዴት ያምራሉ!» ብላ ጮኸች። ሽመላዎቹ ግር ብለው ተነሡ።

አጠገቧ የነበረው አስጎብኚ አልተቆጣም። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ወደ ባዶዎቹ ጎጆዎች አመለከታት። አንድ ቁራ ወርዶ እንቁላል አንሥቶ ሲሄድ አየች።

«ሲደነግጡ ይነሣሉ፤ ሲነሡ ቁራ ይገባል» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «እዚህ ቤት ውስጥ አይጮኽም።»

«አልጮህኩም እኮ፤ ድምፄ ነው!»

ሳቀ። ሲስቅም ድምፅ አያወጣም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚነቃነቀው። የዚያኑ ዕለት «ጡሩምባ» የሚል ስም አወጣላት፤ እሷም ጠላችው። ጥላቻው ሳምንት አልቆየም።

ምን ታድርግ? በሹክሹክታ ለመሰማማት መጠጋጋት ግድ ነው። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ሁለቱ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ስለ ጎጆዎቹ ያወራሉ፤ ስለ ሽመላ ለማውራት ያን ያህል መጠጋት ያስፈልጋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ዓይኗ ወደ ሐይቁ ሲሆን የእሱ ዓይን ወደ እሷ ነው፤ ዞር ስትል እሱ ወደ ሐይቁ። እሱ «ክረምቱ ሲያልቅ ትሄዳለች» ብሎ ፈራ፤ እሷ «እሱ ይጀምር» ብላ ኮራች። እንዲህ ተፋጥጠው ዝናቡ ወደ ማብቃቱ ተቃረበ።

አንድ ቀን የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጠርታ «ልጆቹ ወደውሻል፤ በቋሚነት ቅሪልን» አለቻት። በደስታ እየበረረች ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። አባቷ ናቸው። አጎቷ ኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ ሥራ አግኝቶላታል፤ ሰኞ ትጀምራለች፤ ዕቃዋን ትሸክፍ።

«አልመጣም» ብላ ስልኩን ዘጋችው። በቤታቸው ታሪክ አባቷ ላይ ስልክ የዘጋ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ ጠዋት መመልከቻው ቤት በተማሪዎች ሞልቶ፣ እሷ በሹክሹክታ እያስረዳች፣ እሱ የሩቅ ማያ መነጽሩን ይዞ መስኮቱ ጋ እንደቆመ፣ በሩ ተበረገደ። አባትየው ጃንጥላቸውን እንደ ዱላ ይዘው ብቅ አሉ።

«አንቺ—»

«እሽሽሽ!» አሉ ልጆቹ ባንድ አፍ።

ዕድሜ ልካቸውን ልጆችን ዝም ሲያሰኙ የኖሩ ሰው ዛሬ ልጆች ዝም አሰኟቸው። አንዲት ደቃቃ ልጅ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸውና «አባባ፣ ከጮሁ ጫጩቶቹን ቁራ ይበላቸዋል» አለቻቸው። ጫጩት አስበሉ መባልን ማን ይፈልጋል? ቁጣቸውን እንደታቀፉ ተቀመጡ። ልጃቸውም መጥታ ከጎናቸው ተቀመጠች።

«ተነሺ፣ ዕቃሽን ያዢ» አሉ በሹክሹክታ። በሹክሹክታ ሲወጣ ግን ትእዛዙ ልመና መሰለባቸው።

«አልነሣም፣ አባዬ።»

«ለአጎትሽ ቃሌን ሰጥቻለሁ!»

«ሳትጠይቀኝ የሰጠኸው ቃል እኔን አያስረኝም።»

«እኔ ዕድሜዬን ፀሐይና ዝናብ ላይ ቆሜ የጨረስኩት አንቺ ወንበር ላይ እንድትቀመጪ ነው።»

«አውቃለሁ። አንተን ግን ቢሮ ውስጥ ቢያስቀምጡህ በሳምንትህ ትታመም ነበር። እኔም እታመማለሁ።»

አፋቸውን ከፈቱ። ቤት ቢሆን ይህን ጊዜ ጣሪያው ይነሣ ነበር። በመስኮቱ በኩል ጫጩቶቿን የታቀፈችውን ሽመላ አዩና መልሰው ገጠሙት። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ስትከራከር የጀመረችውን ነገር ሳይቋረጥባት ስትጨርስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ልቧ ሞላ።

አባትየው ዙሪያውን ሲቃኙ ዓይናቸው አስጎብኚው ላይ አረፈ። ልጁ መነጽሩን ገልብጦ ይዞ ሐይቁን የሚመለከት ለመምሰል ይጣጣራል።

«ገባኝ» አሉ። «ያስቀረሽ ይሄ ነው።»

«የቀረሁት ለሥራው ነው። እሱ ነገ ጥሎ ቢሄድም እቀራለሁ። እሱን ደግሞ ለብቻው እወደዋለሁ። ሁለቱን አታደባልቅብኝ።»

«ነግረሽዋል?»

«ገና ነኝ። መጀመሪያ አንተ ስማ ብዬ ነው።»

እውነቱን ለመናገር እንዲያ ብላ አልነበረም፤ አምልጧት ነው። ካመለጣት በኋላ ግን አንዲት ቃል አላጠፈችም፤ ቀና ብላ አባቷን ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። ከተማሪዎቹ መሃል ወፍ የሚያይ አንድም አልቀረም። አስጎብኚው መነጽሩ ከእጁ አምልጦ አንገቱ ላይ ተንጠለጠለ።

አባትየው ተነሥተው ወጡ። በሩን ግን ቀስ አድርገው ነው የዘጉት።

እሷ ትምህርቷን ጨረሰች። ልጆቹን ከሸኘች በኋላ ወደ ዋናው በር ሮጠች፤ አባቷ አውቶቡስ እየጠበቁ ቆመው ነበር። አስጎብኚው ቀድሟት ደርሷል።

«አባቴ፣» ይላል ላብ አጥምቆት፣ «እኔም እወዳታለሁ። ለእሷ ግን ገና አልነገርኳትም።»

አባትየው አንዴ እሱን፣ አንዴ ከኋላው የደረሰችውን ልጃቸውን አዩ።

«እናንተ ልጆች እርስ በርሳችሁ አትነጋገሩም እንዴ? እኔን ፖስተኛ አደረጋችሁኝ!»

ሳቋ መጣባት፤ እንባዋም አብሮ መጣ። አውቶቡሱ ደርሶ ቆመ። አባቷ አንድ እግራቸውን ደረጃው ላይ አድርገው ዞሩ። እዚህ የሚደነግጥ ወፍ የለም፤ ያንን ድምፅ ለቀቁት።

«ሰኞ ካልመጣሽ ቤቴን አትረግጪም!»

«እረግጣለሁ!» ብላ እሷም ለቀቀችው፤ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት ብቅ ብቅ አለ። «ዕረፍቴ ሲደርስ እመጣለሁ! ብትዘጋው አንኳኳለሁ፣ ባትከፍትልኝ ደጅህ ላይ እቀመጣለሁ! ሰኞ ግን እዚህ ነኝ!»

«እምቢተኛ!»

«የማን ልጅ ሆኜ!»

አባትየው በሙሉ ድምፃቸው፣ በገዛ ሜዳቸው ተሸነፉ። ሹፌሩ «ይግቡ እንጂ አባት» ሲላቸው ጃንጥላቸውን አጥፈው ገቡ።

እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ አስጎብኚው ዞረች።

«በል አሁን ደግሞ ለኔ ንገረኝ» አለችው።

አውቶቡሱ ከዓይን ሳይጠፋ ነገራት።