በቀትር የወጣው ሠዓሊ

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩን የቀረቀረው ማነው? ደህና። እስኪ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ነካ አድርጉት፤ ጥንቃቄ አይከፋም።

ጨለማው ያስፈራችኋል አይደል? የምነግራችሁ ነገር የሆነው ግን በጨለማ አይደለም። በጠራራ ፀሐይ ነው። ልክ በቀትር፣ ወፍ እንኳ ጥላ ፈልጋ ዝም በምትልበት ሰዓት። ከአንድ የተራራ መንደር ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስድ ቀጭን መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይሄድ ነበር። ማን ነበር? ምን ይዞ ወጣ?

ይርዳው ይባላል። የቆላ ሰው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ። በአገሩ የተከበረ፣ እንጀራው ያልጎደለ ሰው ነበር። ታዲያ ምን አነሰው? ምንም። ግን ተራራው ላይ ደምለው የሚባል ሌላ ሠዓሊ ነበረ። ሁለቱ በልጅነታቸው በአንድ መምህር እግር ሥር ቀለም በጥብጠዋል፤ አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰዋል። መምህሩ የሁለቱንም ሥራ ያዩና ይርዳውን «ደህና ነው» ይሉት ነበር። ደምለው ሲያሳያቸው ግን ተገርመው ዝም ይሉ ነበር። ያ ዝምታ ይርዳው ሆድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ተቀመጠ።

የደምለውን መንደር ስሟን አልጠራም፤ ዛሬም ሰው ይኖርባታል። ውብ ነበረች። ጠዋት ደመናው ከሥሯ ይተኛል። ፏፏቴ አላት፤ የጽድ ደን አላት። ሴቶቿ የሚሰፉት ስፌት፣ ወንዶቿ የሚጠርቡት እንጨት፣ ሁሉም ሥዕል ነው። ሰው ከሩቅ አገር እሷን ለማየት ይመጣ ነበር። ሲመለስ ደግሞ በይርዳው ደጅ ነው የሚያልፈው።

«የደምለውን ሥራ አየኸው?» ይሉታል።

«አላየሁም።»

«ሳታየው እንዳትሞት!»

ሚስቱ ብርቄም አላስቀመጠችውም። «ኧረ ሂድና ጠይቀው! አብሮ አደግህ አይደል?»

«ሥራ ይዞኛል።»

«የያዘህስ ሥራ አይደለም» አለችው።

ሄደ።

ደምለው ሲያየው ጮኸ። «ይርዳው! የኔ ወንድም! ምነው እንዲህ ሸበትክ?» አቅፎ አስገባው። ውሃ አስመጣና የእንግዳውን እግር በገዛ እጁ አጠበ። ውሃው የተራራ ውሃ ነው፤ ይርዳውን ግን አቃጠለው። ማር አበላው፤ መደቡን ለቀቀለት፤ ፏፏቴውን አሳየው። ሰማያዊ ቀለም የሚያወጣበትን ድንጋይ ሳይቀር «እዚህ ነው የምቆፍረው፤ ያዝ፣ አንተም ውሰድ» አለው። ምቀኛ ሰው ደጉን ሰው ምን ያድርገው? ክፉ ቢሆንለት በተሻለው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ግድግዳው ላይ የሣለውን ሥዕል አሳየው። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ። ይርዳው ቀና ብሎ አየ። ሊያወጣበት የፈለገው ነቀፌታ ሁሉ አፉ ውስጥ ጠፋ።

«እንዴት ነው?» አለ ደምለው፣ እንደ ተማሪ ፈርቶ።

«ደህና ነው» አለ ይርዳው።

ያን ሌሊት አልተኛም። በነጋታው እንግዳው ምን እንዳደረገ ታውቃላችሁ? ከምድጃው ጥላሸት ፋቀ። በኑግ ዘይት በጠበጠው፣ ሥዕሉ ላይ ሲደፋው በውሃ እንዳይለቅ። በቅል አድርጎ ጋቢው ሥር ደበቀው። ከዚያ ቀትርን ጠበቀ። በዚያ መንደር በቀትር ከቤት የሚወጣ የለም፤ ሕፃን እንኳ ይሰበሰባል። ማንም አያየኝም ብሎ ወጣ።

መንገዱ ጭር ብሏል። ጥቂት እንደሄደ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ቆመ፤ ኮቴው ቆመ። ሄደ፤ ኮቴው ሄደ። ዞር ሲል ማንም የለም።

ትንሽ ቆይቶ ድምፅ መጣ። «የደምለው እንግዳ! በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው?»

ከጎኑ አንድ ሰው አብሮት ይሄዳል። መቼ ደረሰበት? ነጭ የለበሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«ልሳለም ነው» አለ ይርዳው።

«ተሳለም፣ ተሳለም» አለ ሰውየው፣ እየሳቀ። «ግን እኔን ከጠየቅኸኝ ደምለው ቀለም ያባክናል። እጅስ ያንተ እጅ! መምህራችሁ ዓይናቸው ደክሞ ነበር።»

ይርዳው ደስ አለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ቃል ሲጠብቅ ነበር። ለሰውየው ይህን ማን እንደነገረው እንኳ አልጠየቀም። እናንተ ብትሆኑ አትጠይቁም ነበር?

ጎንበስ ሲል የራሱን ጥላ እግሩ ሥር ተጠቅልላ አያት። የሰውየውስ ጥላ? የለም።

ቀና ብሎ አየው። ሰውየው ፊቱን ወደ ፊት እንዳቀና ነው፤ የሚታየው አንድ ጎኑ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ይርዳው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ቀረና በሌላው ጎኑ ዞረ። እዚያም ያው ጎን፣ ያው አንድ ዓይን። ሮጦ ከፊቱ ቆመ። ከፊትም ያው ጎን!

ሠዓሊ ነውና አወቀ። ጻድቅ ሲሳል ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይን አለው። በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ የሚሳለው ማነው? በስመ አብ በሉ!

«ምነው ፈራህ?» አለ ያ ነገር። «እኛ ወንድማማች ነን። እስኪ ፊትህን ዳስስ።»

ይርዳው እጁን ወደ ፊቱ ሰደደ። በቀኝ በኩል ዓይኑ አለ። በግራ በኩል ቆዳ ብቻ። ሽፋሽፍት የለ፣ ጉድጓድ የለ።

ጩኸቱ መንደሩ ድረስ ተሰማ። ቅሉ ወድቆ ተሰበረ፤ ጥላሸቱ አፈር ላይ ፈሰሰ። ያ ነገር በቦታው አልነበረም።

ደምለው ጩኸቱን ሰምቶ ተነሣ። «ቀትር ነው፣ አትውጣ!» እያሉት ወጣ። ሲደርስ ይርዳው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል።

«ወንድሜ! ምን አገኘህ? ዙር እስኪ፣ ልይህ! ጠበሉ ቅርብ ነው፣ እኔ እወስድሃለሁ።»

ቢዞርለትስ ኖሮ? ምናልባት ይድን ነበር፤ እኔ እንጃ። ግን እንዴት ይዙር? ደምለው ሊያዝንለት ነው! ደምለው አስታሞ አዳነው ሊባል ነው!

«ደህና ነኝ» አለ። ጋቢውን ግማሽ ፊቱ ላይ ጎትቶ፣ ሳይዞር፣ ቁልቁለቱን ወረደ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረ። ብርቄም ብትሆን ያን ጎኑን ሳታይ አረጀች። ሲሞት ሁለት ሰዎች ሊገንዙት ገቡ። አንደኛው አባቴ ነበር። አባቴ ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱም ሊሞት ሲል።

ጋቢውን ገለጡት። ግራው እንደ እንቁላል ልሙጥ ነበር። አባቴ አማትቦ ሊሸፍነው እጁን ሰደደ። ይኼኔ ከልሙጡ ቆዳ ሥር አንድ ነገር ተገላበጠና፣ አያቸው።

በቀትር ብቻችሁን አትውጡ። አሁንም ስትሄዱ ሁለት ሁለት ሁኑ።