የታጠፈው ፎጣ

አሰልጣኙ በቁሙ ሳለ ሲጮኽ ኳስ ትንፋሿ ይወጣ ነበር ይባላል። ይህን በዓይናችን አየን የሚሉ ብዙ ምስክሮች አሉ፤ አንዳቸውም ግን አድራሻ የላቸውም። ዛሬ ጠዋት ግን ያ ሁሉ ጩኸት በረዶ በሞላው ገንዳ ውስጥ አፉን ከፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ዝም ብሏል። ከሩጫ በኋላ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ሰውነቱን ሊያቀዘቅዝ ገብቶ ነበር፤ ከልክ በላይ ቀዝቅዞ ቀረ።

ተጠርቶ የመጣውን መርማሪ ሰዎች «ጉንዳን» ይሉታል። አንዴ ከነከሰ አንገቱ ቢቆረጥ እንኳ አይለቅማ።

ምክትል አሰልጣኙ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በሩ ላይ ጠበቀው። «ጌታዬ፣ ብዙ አይድከሙ። ሬሳውን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ገዳዩም ተይዟል። ራሱ አምኗል።»

«ግቢው ውስጥ ማን ማን ነበር?»

«የውጭው በር ገና አልተከፈተም ነበር። እኔ፣ የአካል ብቃት አሰልጣኟ፣ ደግሞ ይሄ በር ጠባቂ።»

በር ጠባቂው «ጥይት» ነው፤ ያ በአንድ ወቅት ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ ስሙን የሚዘምርለት አጥቂ። አሁን ቀኝ እግሩ እንደ መጥረጊያ እንጨት ደርቆ ቲኬት ይቆርጣል።

«እኔ ነኝ የገደልኩት!» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ጻፍ! በትልቁ ጻፍ!»

«እንዴት ገደልከው?»

«አንቄ።»

ጉንዳን ጎንበስ ብሎ የሟቹን አንገት አየ። ጭረት እንኳ የለበትም። ወደ እግሩ ሄደ። ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶች ላይ የጣት ሰንበር ጠቁሮ ይታያል።

«አንቄ ነው ያልከኝ?»

«አንቄ... ወይም በቦክስ። ሰው ተናዶ ሳለ ይሄን ሁሉ ያስታውሳል እንዴ?»

«በዚህ አፍህ ዕድሜ ልክህን ትታሰራለህ እኮ።»

«ልታሰር! ጉልበቴ ሲበላሽ እንደ ቀዳዳ ካልሲ ነው የወረወረኝ። በየሌሊቱ በሕልሜ ስገድለው ኖሬ፣ ዛሬ ሌላ ሰው ቀደመኝ ልበል? ቢያንስ አንድ ጎል በስሜ ይመዝገብ!»

ጉንዳን ሁሉንም አስወጥቶ ብቻውን ቀረ። ገንዳው ዝቅ ያለ ነው፤ ከሴራሚኩ ወለል ብዙም ከፍ አይልም። የሟቹ ፎጣ ግድግዳው ላይ ደርቆ ተሰቅሏል። በእግሩ በኩል ግን ወለሉ ላይ ሌላ ፎጣ አለ፤ ለአራት ታጥፎ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ መሃሉ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ቦታ ጎድጉዷል። ጉንዳን ፎጣውን ለማንም ሳያሳይ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ምክትሉን አስጠራ።

«የአካል ብቃት አሰልጣኟ ማሟሟቂያ ልምምድ ቀርቷል ሲባል ሰማሁ፤ ማን ነው ያስቀረው?»

«ሟቹ። ‘ወታደር ጦር ሜዳ ላይ ይንጠራራል እንዴ?’ ይል ነበር። እኔም ደግፌዋለሁ። እሷ እቴ፣ ጉልበት ባዶ ወለል እንዳይነካ፣ ጅማት ሳይሞቅ እንዳይሳብ ትላለች... የምናሰለጥነው ተጫዋች ነው ወይስ እንቁላል?» ብሎ በራሱ ቀልድ ሳቀ።

«አሁን ዋናው አሰልጣኝ ማን ሊሆን ነው?»

ምክትሉ ፊሽካውን ዳበስ አደረገ። «እንግዲህ... ሕዝቡ ከለመነኝ...»

የአካል ብቃት አሰልጣኟ ልምምድ ክፍል ውስጥ የላስቲክ ገመዶች ትጠቀልላለች። ተጫዋቹ ሁሉ «እትዬ» ይላታል፤ ለጥይት ግን የእናቱ ልጅ፣ እውነተኛ ታላቅ እህቱ ናት።

«ወንድምዎ ገደልኩት ብሎ አምኗል» አላት ጉንዳን።

ገመዱ ከእጇ አምልጦ ግድግዳውን መታው። «ያ ጅል! ፍቱት እባካችሁ! በዚያ ጉልበቱ እንዴት ብሎ ተንበርክኮ ነው ግንድ የሚያህል ሰው የሚያነሣው?»

ጉንዳን ጢሙን አሻሸ። «ትነጋገራላችሁ?»

«ሰላምታ ከነሳኝ ቆየ። ሟቹ በሬዲዮ ወጥቶ ‘የልጁን ጉልበት የሰበረችው እህቱ በማሟሟቂያዋ ነው’ አለ። እሱም አመነ።»

«እውነቱስ?»

«ጉልበቱ አብጦ ነበር። ይረፍ ብዬ ለመንኩ። ሟቹ ግን ማደንዘዣ መርፌ አስወግቶ አሰለፈው። ሕመም የማይሰማው ጉልበት ‘በቃኝ’ አይልም፤ እስኪበጠስ ሮጠበት።»

ከቀትር በኋላ ሬሳው ተነሥቶ፣ በረዶው ፈስሶ፣ ሦስቱም ገንዳው ዳር ተሰበሰቡ። ጉንዳን እንደ አባወራ ኮቱን ሳያወልቅ ባዶው ገንዳ ውስጥ ዘና ብሎ ተጋደመ።

«ሟቹ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲህ ተኝቶ ነበር» አለ ከታች። «አንድ ሰው በእግሩ በኩል መጥቶ ሁለት ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ወደ ላይ አነሣ። ጭንቅላቱ ተንሸራቶ ሰመጠ፤ አፍንጫው ውሃ ሳበ፤ ለመጮኽም ጊዜ አላገኘ። አሁን እያንዳንዳችሁ እግሬን አንሡ። ምክትል፣ ከእርስዎ እንጀምር።»

ምክትሉ ደፍ ብሎ በባዶው ሴራሚክ ላይ ተንበረከከ። «ወይኔ ጉልበቴ!»

ጥይት ሞከረ። የደረቀው እግሩ አልታጠፍ ብሎ፣ እንኳን ቁርጭምጭሚት ሊይዝ የገንዳው ከንፈር ላይም አልደረሰ።

የእህቱ ተራ ሆነ። ከአግዳሚው ላይ ፎጣ ሳበች፤ አንዴ አጠፈች፤ ደግማ አጠፈች፤ ወለሉ ላይ አነጠፈችና ተንበረከከች።

ጉንዳን ከገንዳው ብድግ ብሎ እርጥቡን ፎጣ ከቦርሳው አውጥቶ እንደታጠፈ ከእሷ ፎጣ ጎን አኖረው። አስተጣጠፋቸው አንድ ነው።

«ገዳዩ ለሞት ሥራ ሲመጣ እንኳ ጉልበቱን የሚጠነቀቅ ሰው ነው» አለ። «ምክትሉ በዚህ ጥንቃቄ ያሾፋል፤ ይኸው ጉልበቱን እያሸ ነው። ጥይት ጥንቃቄውን ቢያውቅም መንበርከክ አይችልም፤ ደግሞም አንቄ ነው ያለኝ። እርስዎ ግን ‘እንዴት ተንበርክኮ ያነሣል’ አሉኝ። ገዳዩ እንደተንበረከከ፣ ሟቹም በእግሩ ተይዞ እንደተነሣ በዚያን ሰዓት ለማንም አልተናገርኩም። ወንድምዎን ላድን ሲሉ ራሱ ገዳዩ ብቻ የሚያውቀውን ነገሩኝ።»

ሴትዮዋ ከተንበረከከችበት ቀስ ብላ ተነሣች። ፊቷ ላይ ፍርሃት የለም።

«አንድ ነገር ብቻ ልለምነው ነበር የመጣሁት» አለች። «መርፌው እንደሆነ ለወንድሜ ንገረው አልኩት። ሳቀብኝ። ‘መርፌውስ መርፌ ነው፤ ግን አንቺን ማን ያምንሻል? የገዛ ወንድምሽ እንኳ አላመነሽ’ አለና ዓይኑን ጨፈነ። ባይጨፍን ኖሮ...» ትንሽ አሰበች። «አይ፣ ባይጨፍንም አነሣው ነበር። እያየኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።»

ምክትሉ አማተበ። «አይቆጭሽም?»

«በረዶው እጄን ቆረጠመኝ። ሌላ የሚቆጨኝ የለም።»

ጥይት ግድግዳውን ተደግፎ ሲሰማ ቆይቶ ነበር። ያ ሁሉ ፉከራ ከፊቱ ጠፍቷል። «እትዬ... እውነት መርፌው ነው እንዴ?»

«እህትህ ሆኜ ስነግርህ አላመንከኝም» አለችው። «ነፍሰ ገዳይ ሆኜ ስነግርህ አመንክ።»

«ይቅር በይኝ፣ እታለም። በሞቴ ይቅር በይኝ!»

ካቴናው እንዲገባላት ሁለት እጆቿን ለጉንዳን ዘረጋች። ወደ ወንድሟ የዞረችው ካቴናው ከተቆለፈ በኋላ ነው።

«ተራህን ጠብቅ» አለችው። «እኔም ስጠብቅህ ነው የኖርኩት።»

ከመርማሪውም ቀድማ ወጣች።