ክንፍ የነበረው ንጉሥ

የቀልማር ንጉሥ መልእክተኛ ኦርዳ ደሴት በደረሰ ማለዳ ባሕሩ ደም መሰለ። ሽማግሌዎቹ ስለ ምልክቱ ተከራክረው ሳይጨርሱ መልእክተኛው የጌታውን አዋጅ አሰማ።

«ከጡርዛን ቀንበር ነፃ ያወጣችሁ የቅድመ አያቴ ወርቅ ነው። የድል ዝማሬያችሁ ራሱ ‹በንጉሥ ወርቅ ታጠቅን› ይላል። በወርቄ ነፃ የወጣች ደሴት የእኔ ናት። ግዛቴ ሁኑ፤ እምቢ ካላችሁ ጦሬ ይመጣል።»

መቼም ዝማሬውን መካድ አይቻልም፤ አፉን የፈታ ሕፃን ሁሉ ይዘምረዋል። ጦርነቱን በዓይኑ ያየ ግን አንድም ሰው በሕይወት አልነበረም። ግማሹ ሕዝብ «እውነቱን ነው፣ ምን ይደረግ» ሲል ግማሹ «ቅጥፈት ነው» እያለ ተቧቀሰ። ወጣቷ ሳልዊ ለባዕድ ከመስገድ ሞትን ትመርጥ ነበር። ይበልጥ ያንገበገባት ግን ንጉሡ እውነቱን ቢሆንስ የሚለው ፍርሃት ነው።

«በአልሜዛ አጥንት እምላለሁ» አለች አደባባይ ቆማ። «በጡርዛን ላይ ጦራችንን የመራችው አልሜዛ የተናገረችው ሁሉ በቃል ጠባቂው ዘንዶ ሆድ ውስጥ አለ። የእሱን ምስክርነት የማይቀበል ንጉሥ የለም። ሄጄ አመጣዋለሁ።»

«እኔስ የት ልቀር ነው?» አለ ወንድሟ ዶሪም። ይህ ዶሪም ወሬ ከጀመረ ጎረቤት እራቱን ረስቶ የሚያዳምጠው ለፍላፊ ነበር።

ማዕበሉን ተሻገሩ፤ በሾርቃ ገደል ላይ ዓለት ከሚሰብሩ አሞሮች ጋር ተዋግተው ሳልዊ ትከሻዋን ቆሰለች። ዶሪም ቁስሏን እያሰረ እንኳ አፉ አላረፈም፤ ሕመሙን ያስረሳት የእሱ ቀልድ ነው። በመጨረሻም ከዘንዶው ፊት ቆሙ።

«የሙት ድምፅ በሕያው ጉሮሮ ብቻ ይጓዛል» አላቸው ዘንዶው። «የተሸከመው ጉሮሮ ምስክርነቱን ከሰጠ በኋላ ግን ለዘላለም ዝም ይላል።»

ሳልዊ ወደ ፊት ስትራመድ ዶሪም ቀደማት።

«ተይ እህቴ፤ እኔ የአንድ ሰው ዕድሜ የሚበቃውን አውርቻለሁ» አለ። ሊስቅ ሞከረ። ሳልዊ ልብሱን ይዛ ብትጎትተውም አልቻለችውም፤ ዶሪም የአልሜዛን ድምፅ ተቀበለ።

በቀልማር ዙፋን ፊት ዶሪም አፉን ሲከፍት የወጣው የአልሜዛ ድምፅ ነበር።

«ቀፎውን ቀስ አድርጋችሁ ጫኑ፤ የንጉሡ ክንፍ እንዳይሰበር። እሱ ከሞተ ንቦቹ ይበተናሉ፣ ወርቁም ይቀራል። ይህን ወርቅ ለነጋዴዎቹ ካልሸጥን ደግሞ በምን ጦር እንገዛለን?»

ሳልዊ ነገሩ ገባት። የጥንት ኦርዳዎች አውራውን ንብ ‹ንጉሥ›፣ ማሩን ‹የንጉሥ ወርቅ› ይሉት ኖሯል። ጡርዛኖች ሲሸሹ ቀፎውን ሁሉ አቃጥለው ስለነበር ንቡም ስሙም አብሮ ጠፍቷል። የቀረው ዝማሬው ብቻ ነበር።

«ግርማዊ ሆይ» አለች፣ «ቅድመ አያትዎ ክንፍ ነበራቸው?»

ንጉሡ መኳንንቱን አየ፤ መኳንንቱ እግራቸውን አዩ።

«አልነበራቸውም» አለ ንጉሡ እየከበደው። «ዘንዶው መስክሯል። ኦርዳ የራሷ ናት፤ ጦሬም አይመጣባችሁም።»

ሳልዊ ከዚያ ቀን በፊት እንዲህ በእፎይታ ተንፍሳ አታውቅም። ወንድሟን አቅፋ አለቀሰች፤ ዶሪምም ያለ ድምፅ እያለቀሰ ጀርባዋን መታ መታ አደረገላት።

ኦርዳ ሲደርሱ ሕዝቡ ወደቡን ሞልቶ «ምን ተባለ? ንገሩን እንጂ!» ይል ነበር። ሳልዊ እንደ ልማዷ ዞር ብላ ዶሪም እስኪጀምር ጠበቀች። ሕዝቡም እሱን እሱን አየ። ዶሪም ፈገግ ብሎ በክርኑ ገፋ አደረጋት፤ ሳልዊም ጉሮሮዋን ጠርጋ መናገር ጀመረች።